የከሸፈ ጥይት፦ ባሩድ፣ እርሳስና ካፕሱል በምሥራቅ ሱዳን ድንበር ታሪክ

በአማርኛ «ከሸፈ» የሚለው ግስ ዛሬ ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ሴራ ይከሽፋል፤ ዕቅድ ይከሽፋል፤ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ብለው ከሰየሙት ወዲህ ደግሞ ቃሉ የአንድ አገር ዕጣ መከራከሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በጠብመንጃ ዘንድ ግን ትርጉሙ ጠባብና ግልጽ ነው። ተኳሹ አነጣጥሮ ቃታውን ይስባል፤ መምቻው ይወርዳል፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጥይቱ ግን አይተኩስም። ያን ጊዜ «ከሸፈ» ይባላል። በዚያች ቅጽበት ጠብመንጃ ከዱላ አይሻልም፤ እንዲያውም ባለዱላው ዱላው እንደማይከዳው ስለሚያውቅ የተሻለ ነው።

ቁረይሻ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ጋር በሚዋሰነው የምሥራቅ ሱዳን ምድር ትገኛለች። በዚሁ ድንበር ላይ ገላባትና መተማ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ይህ ምድር ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አንሥቶ ግብጻውያን፣ መሐዲስቶች፣ ኢትዮጵያውያን፣ እንግሊዞችና ኢጣሊያውያን ጠብመንጃ ይዘው የተመላለሱበት ነው። ታሪኩ ሲጻፍ የወታደሩ ብዛት ይቆጠራል፤ የጠብመንጃውም ብዛት ይቆጠራል። ጠብመንጃውን ጠብመንጃ የምታደርገው፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጠው የእሳት ቆብ፣ ማለትም ካፕሱል፣ ግን እምብዛም አትቆጠርም።

በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚነገሩት ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ነገሩን በራሳቸው መንገድ መዝግበውታል። «ባሩድ» በዐረብኛም ባሩድ፣ በአማርኛም ባሩድ ነው። አማርኛው «እርሳስ» የሚለውን ማዕድን ዐረብኛው «ረሳስ» ይለዋል፤ የሱዳን ሰው በዚሁ ስም ጥይትንም ይጠራበታል። ለአማርኛ ተናጋሪ እሳት መለኰሻ የሆነው «ክብሪት» ደግሞ በዐረብኛ መነሻው የድኝ ስም ነው፤ ድኝም ከባሩድ ሦስት ቅመሞች አንዱ ነው። እነዚህ ቃላት ከጥንት ጀምሮ በንግድና በጦርነት የተወራረሱ የጎረቤታሞች ቃላት ናቸው። «ካፕሱል» ግን ለሁለቱም እንግዳ ነው፤ ለሁለቱም ከአውሮፓ መጣ። ቃሉ ከውጭ የመጣው ዕቃው ከውጭ ስለመጣ ነው። የዚህን ድንበር የጦር መሣሪያ ታሪክ ምሥጢር የሚሸከመውም ይኸው ልዩነት ነው።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ባሩድ በራሱ አይነድም፤ የሚለኩሰው እሳት ይሻል። በቀደመው ዘመን እሳቱን የሚያቀርበው የሚጤስ ክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከብረት ጋር ተፋጭቶ ፍንጣሪ የሚሰጥ ባልጩት መጣ። ሁለቱም ከሰማይ ጋር አይስማሙም። ዝናብ ከጣለ ክሩ ይጠፋል፤ በባልጩቱ ሥር የሚነሰነሰው ባሩድ ይርሳል፤ ነፋስም ካለ ይበተናል። ነፍጠኛ ክረምትን የሚፈራበት ምክንያት ጭቃው ብቻ አልነበረም።

መፍትሔው ከኬሚስት ቤት ወጣ። ኤድዋርድ ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ ከባዜቃ የሚሠራውን፣ በምት ብቻ የሚፈነዳውን ፉልሚኔት በ1800 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ማኅበረሰብ አስታወቀ። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን በምት የሚፈነዳ ቅመም ለጠብመንጃ የሚያውልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ቅመሙን በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ አድርጎ በጠብመንጃው ጡት ላይ መድፋት ተለመደ። መዶሻው ቆቡን ሲመታ እሳቱ በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ይለኩሳል። ከዚህ ወዲህ ዝናብ ብቻውን ተኩስን ማስቆም አልቻለም።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ሲወገድ ሌላ ችግር ተተካ። ባልጩት ከወንዝ ዳር ይለቀማል፤ ክርም በቤት ይፈተላል። ባሩድም ቢሆን ከከሰል፣ ከድኝና ከባሩድ ጨው ተወቅጦ በየአገሩ ይሠራ ነበር፤ እርሳስም ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። ካፕሱል ግን ባዜቃና አሲድ፣ ቀጭን መዳብ፣ ትክክለኛ ሚዛንና በጥንቃቄ የሠለጠነ እጅ ይሻል። ቅመሙ ሲበዛ ሠሪውን ይገድላል፤ ሲያንስ ተኳሹን ያስገድላል። ስለዚህ ጠብመንጃው እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር ባለጠብመንጃው በሩቅ ያለ ፋብሪካ ጥገኛ እየሆነ ሄደ።

በጠርዝና በመሐል

ቀጣዩ እርምጃ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ካፕሱሉን በአንድ የብረት ቅርፊት፣ ማለትም በቀለህ፣ ማሰባሰብ ነበር። ለዚህም ሁለት መንገዶች ተቀየሱ።

የመጀመሪያው በጠርዙ የሚመታ ጥይት ነው። የቀለሁ ግርጌ ወደ ውጭ ታጥፎ ባዶ ጠርዝ ይሠራለታል። እርጥቡ የእሳት ቅመም በቀለሁ ውስጥ ይደረግና ቀለሁ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ቅመሙም ወደ ጠርዙ ተወርውሮ ዙሪያውን ይሞላዋል። መምቻው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይፈነዳል። ፈረንሳዊው ፍሎቤር በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረውን ይህን አሠራር አሜሪካኖቹ ስሚዝና ዌሰን በ1857 እ.ኤ.አ. ለሽጉጥ አዋሉት። እስከ ዛሬም ለዒላማ መለማመጃና ለትናንሽ አደን የምታገለግለው ባለ 22 ጥይት የዚሁ ዘር ናት።

የዚህ ጥይት ሕመም ከአወላለዱ ይጀምራል። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ መምቻው ያን ባዶ ቦታ ከመታ ጥይቱ ይከሽፋል። ያንኑ ጥይት ጥቂት አዙረው ቢመቱት ሊተኩስ መቻሉ ጉድለቱ ከጠብመንጃው ሳይሆን ከጠርዙ እንደነበረ ያሳያል። የጠብመንጃ ሠሪዎችም ይህን አውቀው ነበር። የአሜሪካው ሄንሪና የስዊዘርላንዱ ቬተርሊ ጠብመንጃዎች ጠርዙን በሁለት ወገን በአንድ ጊዜ የሚመታ ባለሁለት ጥርስ መምቻ የተሠራላቸው፣ አንዱ ወገን ባዶ ቢሆን ሌላው እንዲያድን ነው። ዳሩ ግን ጠርዙ በምት እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ ደግሞ ከባድ ባሩድ አይችልም። ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ጠርዙ ተጨፍልቆ ቅመሙ ስለሚያልቅ በተራ መሣሪያ ዳግመኛ ሊሞላ አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በመሐሉ የሚመታ ጥይት ነው። ካፕሱሉ በቀለሁ ግርጌ መካከል ራሱን ችሎ ይገባል፤ ሲያገለግል ወጥቶ በሌላ ይተካል። እንግሊዛዊው ቦክሰርና አሜሪካዊው በርዳን በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሁለት የተለያዩ የካፕሱል ዓይነቶችን አወጡ። የዓለም ሠራዊቶችም ብዙም ሳይቆዩ ወደዚህኛው አዘነበሉ።

የዚህ ምርጫ አንድ ምስክር በኢትዮጵያ ምድር አለ። ስዊዘርላንድ በ1869 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ቬተርሊ በጠርዙ የሚመታ ጥይት ይጎርስ ነበር። ኢጣሊያ በ1870 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጠብመንጃ ስትወስድ ግን ጥይቱን በመሐል በሚመታ ለወጠችው። ለዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ የተሰጡት፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በሁለቱም ወገን የተተኮሱት ቬተርሊዎች ይህኛው ዓይነት ናቸው። በጊዜው በኢትዮጵያና በሱዳን የታወቁት ዋና ዋናዎቹ የጦር ጠብመንጃዎች፣ ሬሚንግተኑም፣ ስናድሩም፣ ውጅግራውም፣ በመሐል የሚመቱ ነበሩ። ጥይት በቀላሉ በማይገኝበት አገር እንደገና የማይሞላ ቀለህ ቅንጦት ነው።

ከአሮጌ እስከ መተማ

ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ደባርቂ ላይ ከግብጽ ሠራዊት ጋር ገጥመው የተሸነፉት በወኔ ማነስ አልነበረም። ሥርዓት የያዘ ተኩስና መድፍ ምን እንደሚያደርግ በዚያ ቀን አዩ። በጋፋት ለአውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩትም ይህን ትምህርት ይዘው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ሠራዊታቸው ከእንግሊዞች ጋር ሲገናኝ ነጎድጓዳማ ዝናብ ወርዶ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ነፍጥ ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ብዙውም የድሮ ዓይነት ነበር። የእንግሊዞቹ ስናድር ግን ከኋላው የሚጎርስ፣ ካፕሱሉን በቀለሁ ውስጥ የያዘ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ጋፋት መድፍ አፈሰሰች፤ ጥይትን በቀለህ የሚያሽግ ፋብሪካ ግን አልነበራትም።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመትም በጉራ የግብጽን ሠራዊት ድል ሲያደርጉ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ሬሚንግተን ጠንካራና ቀላል፣ ለወታደር እጅ የሚመች ጠብመንጃ ነበር። ጥይቱ ግን ከፋብሪካ የሚመጣ ነውና ምርኮው ሲያልቅ ጠብመንጃው ይራባል። ጠብመንጃ መማረክ ይቻላል፤ ፋብሪካን ግን ማንም ከጦር ሜዳ አይማርክም።

ይኸው ረኃብ በደቡብም ይታይ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ለንጉሥ ምኒልክ ይዞት በወጣው የቅፍለት ጭነት፣ በውሉ መሠረት ከ2,000 የሚበልጡ በካፕሱል የሚሠሩ አሮጌ ጠብመንጃዎችና 60,000 የሬሚንግተን ጥይቶች ነበሩ። አውሮፓ የጣለችው ባለካፕሱል ጠብመንጃ በአፍሪካ ቀንድ ገና ገበያ ነበረው። ንጉሡ ግን የዕቃውን ዘመን ስለሚያውቁ ነጋዴው ከጠበቀው ያነሰ ዋጋ ከፈሉ።

በሱዳን በኩል መሐዲስቶች በ1883 እ.ኤ.አ. በሸይካን የሂክስን ሠራዊት ደምስሰው፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ካርቱምን ይዘው እጅግ ብዙ ሬሚንግተን ሰበሰቡ። ገዳሪፍም በ1884 እ.ኤ.አ. በእጃቸው ገብታ ነበር። እነርሱም ከኢትዮጵያውያን ጋር አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው፤ ጠብመንጃ ተርፏቸዋል፤ ጥይት ያንሳቸዋል። ስለዚህ በካርቱምና በኦምዱርማን የጥይት ሥራ አቋቋሙ። ባዶ ቀለህ ከጦር ሜዳ እየተለቀመ እንደገና ይሞላ ጀመር። በ1887 እ.ኤ.አ. የተማረከው ጀርመናዊው ነጋዴ ቻርልስ ኖይፈልድ በእግር ብረት ሳለ የባሩድ ጨው በማውጣት ሥራ ላይ ተሰማርቶ እንደነበር ራሱ ጽፏል። የተሠራው ባሩድ ደካማ ስለነበር እርሳሱ ሩቅ አይሄድም። ከሁሉ አስቸጋሪው ግን ካፕሱሉ ነበር። የሬሚንግተኑ ጥይት የበርዳን ዓይነት በመሆኑ አሮጌው ካፕሱል በቀላሉ አይወጣም። አዲሱ በልኩ ካልተቀመጠ ደግሞ፣ ከግርጌው ጎድጎድ ካለ መምቻው አይደርስበትም፤ ካበጠም ገና ሲጎርስ ሊፈነዳ ይችላል። በእጅ የተሞላ ጥይት ለተኳሹ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው።

በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ወገኖች በድንበሩ ተገናኙ። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የመሐዲስቶችን ጦር በመተማ አሸነፉ። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር አቡ አንጃ ንጉሡን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፤ አቃጠለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ግዙፍ ሠራዊት ይዘው ወደ መተማ ወረዱ። በዘኪ ጠማል የሚታዘዙት መሐዲስቶች በእሾህ አጥር፣ በዘሪባ፣ ውስጥ ሆነው ተኮሱ። ኢትዮጵያውያን አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ድሉ በእጃቸው ሊገባ ተቃርቦ ነበር። በዚያ ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬውም በሠራዊቱ መካከል ሲዳረስ ጦሩ ተፈታ። በማግሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ዐረፉ።

በዚያ ቀን በአጥሩ ውስጥና ውጭ ስንት ጥይት እንደከሸፈ የቆጠረ የለም። ታሪክን ያጠፈችው ግን ያልከሸፈች ጥይት ናት። ከተማረከ ሳጥን የመጣች ትሁን ወይም በኦምዱርማን እጅ የተሞላች፣ ካፕሱልዋ በሰዓቱ እሳት ሰጠች። የዙፋኑ ማዕከል ከትግራይ ወደ ሸዋ ተሻገረ፤ የኢጣሊያም ጦር ብዙ ሳይቆይ ወደ አሥመራ ወጣ።

ሙቀት፣ ዝናብና ጊዜ

በገዳሪፍ ምድር ጥይት ጠላቱ ብዙ ነው። በበጋው ሙቀቱ ይበረታል፤ በክረምቱ ጥቁሩ መሬት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጎጆውም እርጥበት ያዝላል። ከባዜቃ የሚሠራው ፉልሚኔት ደግሞ ሙቀት ባለበት ስፍራ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። እርጥበት በካፕሱሉና በቀለሁ መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ጥይቱ በውጭ ሲታይ ናሱ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን ሞቷል። ባዜቃው ሌላም ጉዳት ነበረው፤ አንድ ጊዜ በተተኮሰ ቀለህ ናስ ውስጥ ሰርጎ ናሱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ያንኑ ቀለህ ደጋግሞ መሙላት መክሸፍን ብቻ ሳይሆን በተኳሹ ፊት መሰንጠቅንም ያስከትላል። ከባዜቃ ነፃ የሆነና የጠብመንጃን ውስጥ የማያዝግ ካፕሱል በሰፊው የወጣው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ በኢትዮጵያ ጥይት እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ስሙ በአማርኛ አፍ ተለውጦ «ውጅግራ» ሆነ። የውጅግራ ጥይትም በብዙ ገበያዎች ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች እንደ ዝርዝር ሳንቲም አገለገለ። ከኪስ ወደ ኪስ፣ ከጨው ነጋዴ ወደ እህል ሻጭ የተሻገረች ጥይት ፀሐይና ላብ ጠግባ ወደ ጠብመንጃ አፍ ብትመለስ መተኮሷን ማን ያውቃል? ሻጩ የሚያየው መልኳን ነው። ዋጋዋ የሚታወቀው ግን ቃታ ሲሳብ፣ ያውም አንዴ ብቻ ነው። ሐሰተኛ ብር ባለቤቱን ያከስራል፤ የከሸፈች ጥይት ግን ባለቤቷን ልታስገድል ትችላለች።

በ1898 እ.ኤ.አ. የመሐዲስቶች መንግሥት ሲወድቅ ይኸው የፋብሪካ ልዩነት በገሃድ ታየ። ሴፕቴምበር 2 ቀን በከረሪ ሜዳ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን ደግሞ በገዳሪፍ ከከሰላ በመጣው የኮሎኔል ፓርሰንስ ጦር ፊት የቆሙት ሰዎች ጀግንነት አልጎደላቸውም። በከረሪ አፈሙዙ ያጠረ፣ ማነጣጠሪያው የተነቀለ፣ በአገር ባሩድ የሚተኩስ ሬሚንግተን የያዙ ብዙዎች ነበሩ፤ ከፊታቸው ግን ከእንግሊዝ ፋብሪካ የወጣ ጥይት ነበር።

በኢትዮጵያም በኩል ትምህርቱ ለፋሺስት ወረራ ዘመን ቀርቷል። በ1928 ዓ.ም. ሠራዊቱ የያዘው ጠብመንጃ ዓይነቱ የበዛ ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ የመሩት ቡድን ከዚሁ ከገዳሪፍ አቅጣጫ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ሲገባ፣ አርበኞች ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ጠብመንጃና ጥይት ነበር።

ከሽፎ የማይሞት

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ከጠብመንጃ ያለፈ ነው። የድንበሩ ሕዝቦች ብረት ቀጥቅጠዋል፤ ባሩድ ወቅጠዋል፤ እርሳስ አፍስሰዋል፤ መድፍም ሠርተዋል። በድፍረትም ቢሆን ማንም አይስተካከላቸውም። የጎደለቻቸው ሁሉን የምታስነሣው ትንሿ ክፍል ነበረች። እርሷ በሌላ እጅ ሳለች ትልቁ ሥራ ሁሉ በሌላ ፈቃድ ሥር ይውላል። ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ማሽን፣ ሞተር ወይም መሣሪያ አንዲት መለዋወጫ አጥቶ በየመጋዘኑ ሲቆም ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ጦርነት አያስፈልገውም። አገር «ከሸፈ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጉልበት ሲያጣ ሳይሆን ያለውን ጉልበት የሚለኩሰውን ነገር ራሱ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

አንድ ነገር ግን ከታሪክ ወደ ዛሬ ይሻገራል። በዚህ ድንበር በማረሻ፣ በጎርፍ ወይም በግንብ ቁፋሮ አሮጌ ጥይት አልፎ አልፎ ይወጣል። ብዙ ሰው «ከሽፏል» ብሎ ይንቀዋል፤ ልጆችም ይጫወቱበታል፤ ናሱን ለመሸጥ የሚቀጠቅጥም አለ። የከሸፈ ጥይት ግን የሞተ ጥይት አይደለም። ካፕሱሉ ለአንዱ ምት ዝም ቢል ለሌላው ሊመልስ ይችላል፤ በእሳት ላይ የተጣለ ቀለህም ሳይታሰብ ይፈነዳል። ጠብመንጃ የያዘም ቢሆን ጥይቱ ሲከሽፍበት አፈሙዙን ከሰው አርቆ ጥቂት መቆየት እንዳለበት የድሮ ተኳሾች ያውቁ ነበር፤ ዘግይቶ የሚተኩስ አለና። አሮጌ ጥይት ያገኘ ሰው ሳይነካ ቦታውን አመልክቶ ለሚመለከተው አካል ቢያስታውቅ ይሻላል።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ዘሪባው በስብሷል፤ ሬሚንግተኑም ዝጓል። በጥቁሩ አፈር ውስጥ ግን እሳታቸውን ይዘው የተኙ ጥይቶች ዛሬም ይኖራሉ።